ማስረጃው በማን እጅ ነው? ሚኒያፖሊስ የፌዴራል ኢሚግሬሽን ወኪሎችን የመከተችበት መንገድ

ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 የሚኒሶታ ግዛት የወንጀል ምርመራ ቢሮና ኤፍቢአይ አንድ ስምምነት አድርገው ነበር። በዚያው ዕለት ጠዋት በደቡብ ሚኒያፖሊስ፣ ፖርትላንድ ጎዳና ላይ አንድ የአይስ (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት) ወኪል ተኩሶ የገደላትን ሬኔ ጉድ የተባለች ሴት ጉዳይ አብረው ሊመረምሩ ተስማሙ። ስምምነቱ ግን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አልሰነበተም። በማግሥቱ የቢሮው ኃላፊ ድሩ ኢቫንስ እንዳስታወቁት፣ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሐሳቡን ቀይሮ ምርመራው ለኤፍቢአይ ብቻ ተሰጠ። የግዛቱ መርማሪዎች ከቦታው የተሰበሰበውን ማስረጃ ማየትም ሆነ የምስክሮቹን ቃል ማግኘት እንደማይችሉ ተነገራቸው። በገዛ ከተማቸው፣ በገዛ ግዛታቸው ሰው ተገድሎ ፋይሉ ተዘጋባቸው።

ስለዚያ ክረምት ሲወራ ጎልቶ የሚነሳው ተኩሱ፣ አስለቃሽ ጭሱና በብርድ የወጣው ሰልፍ ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ስከታተል ዋናው ትግል የነበረው ማስረጃው ላይ እንደሆነ ደጋግሞ ታየኝ። አንድ ከተማ የፌዴራል ታጣቂዎችን ከጎዳናዋ የማስወጣት ሥልጣን የላትም። የሆነውን ነገር መዝግቦ የመያዝ፣ ሐሰተኛ መግለጫን በዓይን በሚታይ ማስረጃ የመመለስና ፋይሉ ተከፍቶ እንዲቆይ የማድረግ አቅም ግን አላት። ሚኒያፖሊስ በዚህ አቅም ተጠቅማለች፤ ከባለሥልጣኖቿም ነዋሪዎቿ ቀድመው ነው የተጠቀሙበት። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመቻው የተጀመረው በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ሲሆን የፌዴራሉ መንግሥት «ኦፕሬሽን ሜትሮ ሰርጅ» ብሎ ሰየመው። መነሻ ተደርጎ ሲጠቀስ የነበረው በሚኒሶታ የተፈጸመ የእርዳታ ገንዘብ ማጭበርበር ነው። በኮቪድ ወቅት ለሕፃናት ምግብ የተመደበ ገንዘብ መዘረፉን የፌዴራል ዐቃቤያነ ሕግ ከ2022 ጀምሮ በፍርድ ቤት ሲያስረዱ ቆይተዋል፤ ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ የሶማሌ ትውልድ ያላቸው ነበሩ። ወንጀሉ እውነተኛ ነው፤ የተፈረደባቸውም አሉ። ይሁንና ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዲሴምበር 2 ቀን በካቢኔ ስብሰባ ላይ የሶማሌን ማኅበረሰብ በጅምላ «ቆሻሻ» ብለው ሲጠሩ ጉዳዩ ከወንጀለኞች አልፎ በአንድ ሕዝብ ላይ ወደቀ። በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ የሚኖረው በሚኒሶታ ነው፤ አብዛኞቹም የአገሪቱ ዜጎች ናቸው።

ከተማዋ በእጇ የነበረው ሕግ ጠባብ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በሰጠው ውሳኔ የፌዴራሉ መንግሥት የግዛትና የከተማ ሠራተኞችን የራሱን ሕግ እንዲያስፈጽሙለት ሊያስገድዳቸው አይችልም። ከተሞች ከኢሚግሬሽን ሥራ እጃቸውን የሚሰበስቡት በዚህ ተመርኩዘው ነው። ሚኒያፖሊስ በ2003 ባወጣችው ደንብ ፖሊሶቿን ጨምሮ ሠራተኞቿ የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቁ ከልክላ ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 2025 ከንቲባ ጄከብ ፍሬይ በዚህ ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመሩ። የከተማዋ ንብረት የሆኑ የመኪና ማቆሚያዎች፣ ጋራዦችና ባዶ ቦታዎች ለኢሚግሬሽን ዘመቻ መሰብሰቢያና መነሻ እንዳይሆኑ አገዱ። የቺካጎው ከንቲባ ብራንደን ጆንሰንም ከሁለት ወር በፊት ተመሳሳይ ትእዛዝ ፈርመው ነበር። በዚያው ወር የከተማው ምክር ቤት የ2003ቱን ደንብ አጠበቀው።

ትእዛዙ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ስለሆነ አንዳንዶች ናቁት። መናቅ ያለበት አይመስለኝም፤ አንድ የመንግሥት አካል ሌላውን አላግዝም ለማለት ሕጉ የተወለት ቦታ ያችው ነበረች። ከዚያ በላይ ያለው የኃይል ሚዛን ግን የሚያስደነግጥ ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሁለት ሺህ ያህል ወኪሎችን እያሰማራ መሆኑ ተሰማ፤ ወሩ እየገፋ ሲሄድ ቁጥሩ ወደ 3,000 ደረሰ። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ያለው 600 ያህል መኮንን ነው።

ሬኔ ጉድ የ37 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ግጥም የምትጽፍ አሜሪካዊት ዜጋ ነበረች። ጃንዋሪ 7 ቀን ጠዋት የስድስት ዓመት ልጇን ትምህርት ቤት ካደረሰች በኋላ ወኪሎቹ ካሉበት መንገድ ላይ መኪናዋን አግድም አቁማ ነበር። ወኪሎቹ ቀርበው ውረጂ አሏት፤ አንደኛው የመኪናዋን በር ለመክፈት እጀታውን ያዘ። እሷ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብላ ጎማውን ወደ ቀኝ አዙራ ስትነዳ፣ ከመኪናው ፊት በግራ ጥግ በኩል የቆመ ሌላ ወኪል ሦስት ጊዜ ተኮሰባት። ሐኪም ነኝ ያለ መንገደኛ ልያት ብሎ ሲጠይቅ ወኪሎቹ ከለከሉት። ይህ ሁሉ በነዋሪዎች ስልክ ተቀርጿል።

ሰዓታት ሳይቆዩ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መኪናዋን እንደ መሣሪያ ተጠቅማ ወኪሎቹን ልትገድል ሞክራለች አለ። ሚኒስትሯ ክሪስቲ ኖኤም ድርጊቷን የአገር ውስጥ ሽብር ብለው ጠሩት። ጩኸቴን ቀሙኝ ማለት ይህ ነው፤ የተገደለችው ሴት አስከሬን ሳይነሳ ወንጀለኛ ተደረገች። ምክትል ፕሬዚዳንት ጄ ዲ ቫንስ ደግሞ በማግሥቱ ወኪሉ ፍጹም የሆነ ያለመከሰስ መብት አለው አሉ።

የጉድ ደም የፈሰሰበት ቦታ ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ 2020 ከተገደለበት ከአንድ ማይል ብዙም አይርቅም። ያን ጊዜ የከተማው ፖሊስ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በነበረው ግንኙነት የጤና እክል ገጥሞት እንደሞተ የሚናገር ነበር። መግለጫውን የገለበጠው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ምስል ነው፤ ያለዚያ ምስል የፖሊስ መኮንኑ ጥፋተኛ የሚባልበት ችሎት ባልኖረ ነበር። የደቡብ ሚኒያፖሊስ ሰው ይህን በሥጋውና በደሙ ያውቀዋል። ስለዚህ በ2026 ጭምብል የለበሱ ወኪሎች ሰፈር ሲገቡ ሰዉ መጀመሪያ ያደረገው ስልኩን ማውጣት ነው።

ከንቲባ ፍሬይ በዚያው ቀን ጋዜጠኞችን ሰብስበው ምስሉን አይቼዋለሁ፣ ራስን ስለ መከላከል የሚነገረው ውሸት ነው አሉ፤ አይስ ከከተማችን ውጣ ሲሉም የብልግና ቃል ጨመሩበት። ለቀናት ሲወራ የነበረው ስለ ስድቡ ነው። አንድ ከንቲባ በአደባባይ መሳደቡ የሚያስመሰግን አይደለም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ዓረፍተ ነገር ነው። ከንቲባው ከፌዴራሉ መግለጫ ፊት ምስሉን አስቀደሙ፤ የከተማዋ አቋም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የተመሠረተው በማንም ቃል ላይ ሳይሆን ሁሉም ሊያየው በሚችለው ነገር ላይ ነው። በ2020 ከተማዋ ያላደረገችው ይህን ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ብዙም አልተወራለትም፤ በእኔ ግምት ግን የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። ሚኒያፖሊስ የምትገኝበት የሄነፒን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ሜሪ ሞሪያርቲና የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰን ጃንዋሪ 9 ቀን፣ ግዛቱ ከምርመራው በተገለለ በማግሥቱ፣ ነዋሪዎች ያላቸውን ምስልና ማስረጃ በቀጥታ የሚልኩበት የኢንተርኔት መቀበያ ከፈቱ። የፌዴራሉ መንግሥት መኪናዋን፣ መሣሪያውንና የወኪሉን ቃል ይዟል። ጎረቤቶች በመስኮታቸው፣ በበራቸው ካሜራና በስልካቸው የያዙትን ግን ሊይዝ አይችልም። ሁለቱ ዐቃቤያነ ሕግ ያሰቡት ይህን ነበር፤ የሚከሰስ ይኑር አይኑር ለመወሰን እንኳ መጀመሪያ የሚመረመር ነገር ያስፈልጋል። ከፌዴራሉ በኩል ያለው ጫናም ከውስጥ ታወቀ። ጃንዋሪ 13 ቀን በሚኒሶታ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ቢያንስ ስድስት ዐቃቤያነ ሕግ ሥራቸውን ለቀቁ፤ የማጭበርበሩን ክስ ሲመሩ የቆዩት ጆሴፍ ቶምፕሰን አንዱ ናቸው። ምክንያቱ የሟቿን የትዳር አጋር እንዲመረምሩ ግፊት ስለተደረገባቸው እንደሆነ ተዘገበ። ዘመቻውን ያመጣው ማጭበርበሩ ነው ሲባል፣ ማጭበርበሩን ፍርድ ቤት ያቆመው ሰው በዘመቻው ምክንያት ለቀቀ።

የፖሊስ ኃላፊው ብራያን ኦሃራ የቆሙበት ቦታ ከሁሉም የከበደ ነበር። ከ2020 በኋላ መሥሪያ ቤታቸው በፍርድ ቤት በሚጠበቅ የማሻሻያ ስምምነት ሥር ነው፤ የነዋሪውን እምነት በጥቂት በጥቂቱ እየለቀመ የነበረ ተቋም ነው። አሁን ጭምብል የለበሱ ሰዎች ጎረቤቴን ጠልፈው እየወሰዱ ነው የሚል የአደጋ ጊዜ ጥሪ ይደርሰዋል። ፖሊሱ ሄዶ ወኪሎቹን ማሰር አይችልም፤ ዝም ቢል ደግሞ ተባባሪ ይባላል። ሕዝቡን ሲገፋ የሚታይ ፖሊስ የአይስ አጃቢ መስሎ ይታያል። ይህ ቁጣ ከ2025 ጁን 3 ጀምሮ ያደረ ነው። ያን ቀን በሌክ ጎዳና የፌዴራል ወኪሎች አንድ ምግብ ቤት ሲፈትሹ የከተማው ፖሊስ ሕዝቡን ለመቆጣጠር ቦታው ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ብዙ ነዋሪዎችና የምክር ቤት አባላት ያን አልረሱትም። እኔ ነዋሪዎቹን እረዳቸዋለሁ። ኦሃራም ግን እውነት ነበራቸው። 600 ታጣቂ ከ3,000 ታጣቂ ጋር በጎዳና ላይ ቢጋጠም የሚሞተው መሐል ያለው ሰው ነው፤ ፕሬዚዳንቱም ጃንዋሪ 15 ቀን የአመፅ ማፈኛውን ሕግ ሥራ ላይ አውላለሁ ብለው ሲዝቱ ለወታደር መግቢያ የሚሆን አንድ ሰበብ ነበር የሚፈለገው።

በጎረቤት ከተማ ብሩክሊን ፓርክ የፖሊስ ኃላፊው ማርክ ብሩሊ ጃንዋሪ 20 ቀን ለጋዜጠኞች የተናገሩት ብዙ ይገልጣል። ከሥራ ውጭ የነበረች አንዲት መኮንናቸውን ወኪሎች በመኪና ከበው የዜግነት ወረቀት ጠየቋት፤ ልትቀርጽ ስልኳን ስታወጣ ከእጇ መቱት፤ ፖሊስ መሆኗን ስትናገር ትተዋት ሄዱ። በሥራ ላይ ሳይሆኑ እንዲህ የቆሙባቸው መኮንኖች በሙሉ ነጭ ያልሆኑ ናቸው ብለዋል ኃላፊው። እዚህም ላይ ወኪሎቹን ያስቆጣቸው ስልኩ ነው።

ነዋሪዎቹ የዘረጉት መረብ ያስደንቃል። በየሰፈሩ በስልክ የመልእክት ቡድን ተደራጁ። የወኪሎች መኪና ሲታይ ቁጥሩና አቅጣጫው ይተላለፋል፤ ቅርብ ያለው ሰው ይደርሳል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ይቀርጻል፣ የሚወሰደውን ሰው ስም ጠይቆ ለቤተሰቡና ለጠበቃ ያደርሳል። ፊሽካው ሁለት ሥራ ነበረው፤ ወረቀት የሌለው ሰው በሩን እንዲዘጋ ያስጠነቅቃል፣ ሌላው ደግሞ ለምስክርነት እንዲወጣ ይጠራል። በትምህርት ቤት በር ላይ ወላጆች ጠዋትና ማታ በፈረቃ ቆሙ። ጉድ በተገደለችበት ቀን ወኪሎች ሩዝቬልት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ድረስ መጥተው ግርግር ስለተፈጠረ የከተማው ትምህርት ቤቶች ለሁለት ቀን ተዘጉ፤ ከዚያም ልጆች እስከ ፌብሩዋሪ 12 ድረስ ከቤታቸው ሆነው መማር እንዲችሉ ተፈቀደ። ቤተ ክርስቲያኖች ከቤት መውጣት ለፈሩ ሰዎች አስቤዛ በየደጃፋቸው አደረሱ። ከተማዋ በኋላ ባወጣችው ግምት በጃንዋሪ ወር ብቻ የደረሰባት ጉዳት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ በዚህ ውስጥ የተዘጉ ሱቆችና ሠራተኞች ያጡት ደመወዝ ዋናውን ድርሻ ይይዛሉ።

የእኛም ሰዎች እዚያው ነበሩ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በአሜሪካ ብዙ የኦሮሞና ሌሎችም ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። ሲዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር፣ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ያሉበት፣ ሶማሌውም ኦሮሞውም ሌላውም ኢትዮጵያዊ በአንድ ደረጃ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነው። መንገድ ላይ በመልክ የሚያስቆም ወኪል ሶማሌውን ከሌላው ለይቶ አይጠይቅም። በዚያው ዲሴምበር ወር የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ እንደሚያበቃ ማስታወቁ ጭንቀቱን አባሰው። በጃንዋሪ ደግሞ ግሪን ካርድ ገና ያላገኙ 5,600 ያህል የሚኒሶታ ስደተኞች ጉዳይ እንደገና ይመረመራል ተባለ። እነዚህ ሕጋዊ ሆነው፣ ለዓመታት ተጣርተው የገቡ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ተይዘው ወደ ሩቅ ግዛት ተወሰዱ፤ ዳኛ ጆን ተንሃይም ጃንዋሪ 28 ቀን እስሩን እስኪያግዱት ድረስ።

ሴንት ፖል ውስጥ ጃንዋሪ 18 ቀን የሆነው ደግሞ ዜግነት እንኳ ዋስትና እንዳልነበረ ያሳያል። ወኪሎች የአንድ የሕሞንግ (የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝብ) ተወላጅ የሆኑ አሜሪካዊ ዜጋ በር ሰብረው ገቡ፤ ሰውዬውን በውስጥ ሱሪና በብርድ ልብስ ብቻ ወደ ውርጩ አወጧቸው፤ ኋላም ማንነታቸውን አጣርተው መለሷቸው። ፎቶው ዓለምን ዞረ። በር ላይ የሚመጣ ማዘዣ በዳኛ የተፈረመ መሆን አለመሆኑን ማየት የዚህን ያህል ዋጋ አለው፤ የአይስ መሥሪያ ቤት ራሱ የሚፈርመው ወረቀትና ዳኛ የሚፈርመው ወረቀት በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። በዚያው ሳምንት ይፋ የወጣ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ግን ዳኛ ባልፈረመበት ወረቀትም ቤት ሰብሮ መግባት ይቻላል ይል ነበር።

ፍርድ ቤቱ ለከተማዋ ብዙ አልረዳትም። ግዛቱ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ጃንዋሪ 12 ቀን አንድ ላይ ከሰሱ፤ ዘመቻው ግዛቱን በኃይል ለማንበርከክ የታሰበ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። ዳኛ ካትሪን ሜኔንዴዝ ጃንዋሪ 31 ቀን ዘመቻውን ለማስቆም የተጠየቀውን ጊዜያዊ እግድ አልሰጡም፤ የደረሰው ጉዳት ጥልቅና ልብ የሚሰብር መሆኑን ግን በውሳኔያቸው አስፍረዋል። እኚሁ ዳኛ ጃንዋሪ 16 ቀን ሰላማዊ ተቃዋሚዎችንና ታዛቢዎችን ከእስርና ከሚያቃጥል ርጭት የሚጠብቅ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ አገደው። የፍትሕ ሚኒስቴር በበኩሉ ለገዥው ቲም ዋልዝ፣ ለከንቲባ ፍሬይና ለሌሎች ባለሥልጣኖች የግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስን የዜጎች ጉባኤ) መጥሪያ ላከ። ተጠያቂ መሆን የሚገባው ጠያቂ ሆነ።

ጃንዋሪ 23 ቀን፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በወረደበት ዕለት፣ መቶዎች የንግድ ቤቶች በራቸውን ዘግተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መሐል ከተማ ወጣ። በአውሮፕላን ማረፊያው አንድ መቶ ያህል የሃይማኖት አባቶችና እናቶች ተንበርክከው ሲጸልዩ ታሰሩ። በማግሥቱ ጠዋት አሌክስ ፕሬቲ ተገደለ።

ፕሬቲ 37 ዓመቱ ነበር፤ በሚኒያፖሊስ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ። ኒኮሌት ጎዳና ላይ በስልኩ እየቀረጸ ነበር። የድንበር ጥበቃ ወኪሎች አንዲት ሴት ገፍትረው ሲጥሉ ሊያነሳት መሐል ገባ። ዓይኑ ላይ የሚያቃጥል ርጭት ረጩበት፤ ብዙ ሆነው መሬት ላይ ጣሉት። በሕግ የተፈቀደለት ሽጉጥ በወገቡ ነበር፤ በምስሎቹ ላይ አንድ ወኪል ሽጉጡን ወስዶ ሲርቅ ይታያል። ከዚያ በአምስት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ አሥር የሚሆኑ ጥይቶች ተተኮሱ። መግለጫው እንደገና ቀደመ፤ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰውዬው ወኪሎችን ሊጨፈጭፍ የመጣ ይመስላል አለ። በዚህ ጊዜ ግን ከየአቅጣጫው የተቀረጹት ምስሎች መግለጫውን በሰዓታት ውስጥ አፈረሱት። በእጁ የነበረው ስልክ ነው።

የግዛቱ የወንጀል ምርመራ ቢሮ በዚህኛው ጊዜ ባዶ እጁን አልሄደም፤ ከዳኛ የፍተሻ ማዘዣ አውጥቶ ሄደ። የፌዴራል ወኪሎች በማዘዣውም አናስገባም አሉት። አንድ የግዛት መርማሪ በዳኛ የተፈረመ ወረቀት ይዞ፣ ሰው በተገደለበት የከተማ አስፋልት ላይ እንዳይቆም ሲከለከል ማየት ያስቆጣል፤ ሊያስቆጣም ይገባል። የከተማው ፖሊስ በበኩሉ ቦታውን ልቀቁ ሲባል ኦሃራ እምቢ አሉ። በዚያው ምሽት ሞሪያርቲና የምርመራ ቢሮው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የፌዴራል ዳኛ ኤሪክ ቶስትሩድ ከግድያው ጋር የተያያዘ ማንኛውም ማስረጃ እንዳይጠፋና እንዳይለወጥ አዘዙ። ዳኛው በፕሬዚዳንት ትራምፕ የተሾሙ ናቸው። ኦሃራ በማግሥቱ በቴሌቪዥን ቀርበው መሥሪያ ቤታቸው በ2025 ዓመቱን ሙሉ 900 ያህል ጠመንጃና ሽጉጥ ሲሰበስብ፣ መቶዎች አደገኛ ወንጀለኞችን ሲይዝ አንድም ሰው በጥይት እንዳልመታ ተናገሩ። ፌዴራሎቹ ግን በሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ሰው በጥይት መትተው ሁለቱን ገድለዋል።

ሦስተኛው ሰው ጃንዋሪ 14 ቀን በሰሜን ሚኒያፖሊስ እግሩን የተመታ ቬኔዙዌላዊ ነው። ያን ጊዜ የተነገረው ወኪሉ በአካፋና በመጥረጊያ እንጨት ስለተደበደበ ራሱን ተከላከለ የሚል ነበር፤ ተጎጂውና ሌላ ሰውም ተከሰሱ። በፌብሩዋሪ አጋማሽ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ክሱ እንዲነሳ ጠየቀ። ምስሉ ከወኪሎቹ ቃል ጋር አልገጠመም፤ የአይስ ኃላፊም ሁለት ወኪሎች በመሐላ ሐሰት የተናገሩ ይመስላል ብለው አመኑ። ከሦስቱ ተኩሶች ይህን ያህል በግልጽ የተቀበሉት ይህን አንዱን ነው፤ ለዚህም ያበቃው ካሜራ ነው።

ከፕሬቲ ሞት በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። ዘመቻውን በጎዳና ላይ ይመሩ የነበሩት የድንበር ጥበቃ አዛዥ ግሬጎሪ ቦቪኖ ከከተማዋ ተነሱ፤ የፕሬዚዳንቱ የድንበር ጉዳይ ኃላፊ ቶም ሆማን ተተኩ። ገዥው ያሰማሯቸው የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ከፌዴራሎቹ ጋር እንዳይምታቱ አንጸባራቂ ሰደሪያ ለብሰው ቆሙ፤ ለተቃዋሚዎችም ትኩስ መጠጥ አደሉ። ጃንዋሪ 28 ቀን የሚኒሶታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ፓትሪክ ሺልዝ ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ብቻ አይስ በ74 ጉዳዮች 96 የፍርድ ቤት ትእዛዞችን መጣሱን ዘርዝረው አወጡ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን ኖኤም በሚኒያፖሊስ ያለ እያንዳንዱ ወኪል በልብሱ ላይ ካሜራ እንደሚደረግለት አስታወቁ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 700 ወኪሎች እንደሚወጡ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን ደግሞ ዘመቻው እንደሚያበቃ ሆማን ተናገሩ።

ከተማዋ አሸነፈች ለማለት አልደፍርም፤ ሁለት ሰው ተቀብሯል፣ ስንት ቤተሰብ ተበትኗል። ይሁን እንጂ ኃይሉን ወደ ኋላ የመለሰው ምን እንደሆነ በቅደም ተከተሉ ይነበባል። ዘመቻው እንዲቆም የቀረበው ክስ እግድ አላስገኘም። የይግባኙ ፍርድ ቤት ለታዛቢዎች የተሰጠውን ጥበቃ አነሣ። የመኪና ማቆሚያው ትእዛዝ ማንንም አላስወጣም። የዋሽንግተንን ቃል ያስቀየረው ነዋሪው የቀረጸው ምስልና ምስሉን ያየው ሕዝብ ነው።

አሁን የቀረው ጥያቄ የክስ ጥያቄ ነው። ቫንስ ያሉት ፍጹም ያለመከሰስ መብት በሕጉ ውስጥ እንዲያ ባለ መልኩ የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1890 የሰጠው ውሳኔ የፌዴራል መኮንንን ከግዛት ክስ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የፈቀደለትን ሥራ ሲሠራና ከሚያስፈልገው በላይ ሳያደርግ ሲቀር ነው፤ ይህን የሚመዝነው ደግሞ ዳኛ ነው። በ1992 በሩቢ ሪጅ አንዲት እናት የገደለ የኤፍቢአይ አልሞ ተኳሽ በአይዳሆ ግዛት በምትገኝ ካውንቲ ተከሶ፣ በ2001 የይግባኝ ፍርድ ቤት ክሱ ሊቀጥል ይችላል ብሎ ነበር፤ ክሱን የተወው በኋላ የመጣ አዲስ ዐቃቤ ሕግ ነው። ተከሳሹ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ችሎት ማዛወር ይችላል፤ የሚከሰሰው ግን በግዛቱ ሕግ ስለሆነ የፕሬዚዳንት ይቅርታ አያድነውም።

በሚኒሶታ ሕግ ሰው ለሞተበት ወንጀል ክስ የሚመሠረትበት የጊዜ ገደብ የለም። ሞሪያርቲ በ2026ቱ ምርጫ እንደማይወዳደሩ ቀደም ብለው አስታውቀዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የሚመጣው ዐቃቤ ሕግ ነዋሪዎች የላኳቸውን ምስሎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይረከባል።